በሁዳዴ የተመታ እንቁላል

የካቲት 27 ቀን 1957፣ ቅዳሜ

ተሰማ ዛሬ ከፋብሪካ ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «ለሲኞር ቤርቲኒ ቃል ገብቼልሻለሁ» አለኝ። ቃል ገባልኝ! ቃሉ የሱ፣ ክንዱ የኔ።

ነገሩ የመጣው ከገና ነው። ጓደኞቹን ሲጋብዝ ያቺን የእንቁላል መጠጥ ሠርቼላቸው ነበር። ሳላገባ በፊት ፒያሳ በአንዲት ጣልያን አሮጊት ፓስቲቸሪያ፣ ማለት ኬክ ቤት፣ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ጓዳ እየገባሁ ሳይ ሳይ የለመድኳት ናት። ጣልያኖቹ ዛባዮኔ ይሏታል። የእንቁላል አስኳል ከስኳርና ማርሳላ ከሚሉት ጣፋጭ ወይን ጠጅ ጋር በእንፋሎት ላይ ይመታል፣ በማንኪያ ይበላል። እኔ ክሬም፣ ኮኛክና የቀዘቀዘ ጥቁር ቡና ጨምሬባት በብርጭቆ የምትጠጣ አደረግኋት። ከተጋባዦቹ አንዱ ፋብሪካ ሄዶ አወራ። አሁን የፋብሪካው የቴክኒክ ኃላፊ ሲኞር ቤርቲኒ ለፋሲካ ግብዣው ይምጣልኝ ብሏል።

የፈረንጆቹ ፋሲካ ዘንድሮ የሚውለው በእኛ ሆሳዕና ነው። እኛ ሁዳዴ ላይ ነን። ወተትና እንቁላል በጾም እዚህ ቤት ሊገባ ነው፣ ያውም አማቴ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ቤት!

እምቢ ልለው አፌን ስከፍት «የፈትል ክፍሉ ሹም ሊለቅ ነው፤ ቦታው የኔ ይሆናል። ሹም ደግሞ ከፋብሪካው ግቢ ቤት ይሰጠዋል» አለኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

አማቴ ቤት ከገባሁ ስምንት ዓመቴ ነው። በራሴ ማድ ቤት፣ በራሴ ሰዓት፣ ማንም ከኋላዬ ሳይቆም አንዲት ሽንኩርት ከትፌ አላውቅም። ለዚያ ቤት ብዬ እንኳን እንቁላል ድንጋይም እመታለሁ።

የካቲት 29፣ ሰኞ

እማማ ሰሙ። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «በጾም ድስቴ እንዳታደርጊው» ብቻ አሉና በቅበላ ማግስት በአመድ የፈተግናቸውን ድስቶች አንድ በአንድ አውርደው አልጋቸው ሥር ከተቷቸው። ድስት ከአልጋ ሥር! እንደ ሌባ ቆጠሩኝ።

አሁን ሽሮ ልሠራ ስል የመኝታ ቤታቸውን በር አንኳኩቼ ድስት ልለምን ነው።

መጋቢት 6፣ ሰኞ

ጎረቤታችን ጠጄ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ እማማን ስትጠይቃቸው ሰማኋት። «ምራትሽ ዘንድሮም እንዲያው ናት?»

እንዲያው ማለቷ ልጅ አልያዘችም ማለቷ ነው። ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ አንሶላው ከልሎኛል።

«የራስሽን ምራት ሆድ ቁጠሪ» አሏት እማማ። «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ወሬ ይዘሽ አጥሬ ላይ እንዳትንጠለጠዪ።»

ለኔ ብለው አይደለም። የልጃቸው ስም እንዳይነሳ ነው። አውቃቸዋለሁ።

ማታ ተሰማን ቤቱ እውነት ይሰጠናል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «መሰጠቱን ይሰጠናል» አለ፤ «ችግሩ እማማ ናት። አንድ ልጇ ነኝ፤ ጥያት ብወጣ ሳምንት አትሰነብትም። ቀስ ብዬ አሳምናታለሁ። ለኔ ተዪው።»

ለኔ ተዪው። ይህችን ቃል በሠርጋችን ሳምንትም ብሏታል።

መጋቢት 14፣ ማክሰኞ

ከዙለይኻ ጋር ፋብሪካው ግቢ ሄጄ ባዶውን የሹም ቤት አየሁት። ዙለይኻ የባለሱቁ የሙህዲን ሚስት ናት፤ በዚህ ሰፈር የልቤን የማወራው ለሷ ብቻ ነው። ዘበኛው የአገሯ የስልጤ ሰው ስለሆነ «እህቴ ናት» ብላው አስገባን።

ሁለት ክፍል፣ ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ። ከኋላ ማድ ቤት አለው፤ ማድ ቤቱ ውስጥ ቧንቧ አለ! ጭስ መውጫ አለው። መስኮቱ የባቡሩን ሐዲድ ያሳያል። በመስታወቱ አጮልቄ ሳይ ምድጃው የት እንደሚሆን፣ የእንጀራው መሶብ የት እንደሚቀመጥ ሁሉ ወሰንኩ። ዙለይኻ ከኋላዬ ቆማ «በይ አትላሺው፣ መስታወት ነው» ብላ ትስቃለች።

ስመለስ እማማ «የት ዋልሽ?» አሉኝ። ገበያ አልኳቸው። ባዶ ዘንቢሌን አይተው ዝም አሉ። ዝምታቸው ከስድብ ይብሳል። ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር።

መጋቢት 20፣ ሰኞ

ተናድጃለሁ።

ተሰማ ፒያሳ ሄዶ ማርሳላ፣ ኮኛክና የቆርቆሮ ክሬም እንዲገዛ ነበር ነገራችን። ጠርሙሶቹን አምጥቷል። ክሬሙስ? «አልቋል አሉኝ።» የት ሱቅ ጠየቅህ ስለው የሱቁን ስም አጣው። ጃኬቱ ቢራ ቢራ ይላል።

እንግዲህ ከኮዬ በኩል ወተት ይዛ ከምትመጣው ከዳሲቱ ስልባቦት ገዛሁ። በጾም ወተቷን የሚወስዱላት እነዙለይኻ ብቻ ስለሆኑ ደስ ብሏት ጮጮዋን ገልብጣ ሰጠችኝ። ወፍራም ነው፤ የቆርቆሮው ምን ያደርጋል? ለሙከራ ትንሽ ሠራሁ። አስኳሉን ከስኳር ጋር በጎድጓዳ ሳህን አድርጌ፣ ሳህኑን ውሃ በፈላበት የእማማ የፍስክ ድስት አፍ ላይ አስቀምጬ በሹካ መታሁ። እሳቱ ትንሽ ከበለጠ እንቁላል ፍርፍር ይሆናል። ቀስ እያልኩ እስኪነጣና እስኪወፍር መታሁት።

ከዚያ ማን ይቅመስ? እኔ ጾመኛ። እማማን ማሰብ አይቻልም። ተሰማ በእናቱ ፊት ጾመኛ ነው። ጠጄም ጾመኛ። ዙለይኻ አትጾምም፤ እሷ ደግሞ መጠጥ ያለበትን ነገር ከንፈሯ አይነካም። አካባቢው ሁሉ ሰው፣ አንድ የሚቀምስ ጠፋ! በመጨረሻ ማርሳላና ኮኛክ ሳይገባበት፣ እንቁላሉን፣ ስልባቦቱንና ቡናውን ብቻ ለውሼ በማንኪያ አቀመስኳት።

«ወላሂ ማር ነው!» አለች። ደግማ ጠለቀች።

«ምን ይጎድለዋል?»

«ምንም። ይልቅ ያን መጠጥ ጨምረሽ አታበላሺው።»

መጠጡን እንግዲህ በማሽተትና በትዝታ ነው የምለካው። አፍንጫዬ የፒያሳዋ ጣልያን አሮጊት ጓዳ ውስጥ የነበረውን ሽታ ያስታውሳል። እግዜር ይርዳኝ።

ሚያዝያ 1፣ ዓርብ

እንቁላሉን ያሞቅሁበትን የፍስክ ድስት አጥቤ ስመልስ እማማ አልቀበልም አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ይሁን። ስትወጪ ይዘሽው ውጪ።»

ስትወጪ! በግልጽ ውጪልኝ ማለት ይህ ነው። ደግሞ ዞር ብለው ሻሻቸውን እያጠበቁ «ሰው ጎጆ ለራሱ ካልፈለገ ማን ይፈልግለታል» አሉ፣ ለግድግዳው። ሽሙጡ ለማን እንደሆነ ግድግዳውም ያውቃል።

ለተሰማ ብነግረው «አርጅታለች፣ ቻያት» አለኝ። ስምንት ዓመት ቻልኩ። ሆድ ይፍጀው ስል ሆዴ አመድ ሆነ።

ሚያዝያ 9፣ ቅዳሜ

ችኮላ። እንቁላል ከሙህዲን ሱቅ፣ ሁለቱ ገልማ። ስልባቦት ደረሰ። ክንዴ ዝሏል። አንዱ ዙር ፍርፍር ሆነ፣ ደፋሁት፣ አለቀስኩ፣ እንደገና መታሁ። ማርሳላ በእንቁላሉ፣ ኮኛክ በመጨረሻ። ጠርሙሶቹን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ጥላ ሥር አኖርኩ። ጣቴን ለመላስ ስንት ጊዜ አፌ ድረስ ወስጄ መለስኩ! እማማ ከደጃፉ ሆነው ያዩኛል። ምን ያያሉ? ጾም ትገድፋለች ብለው ይሆናል የሚጠብቁኝ።

ሚያዝያ 10፣ ሆሳዕና

ጠዋት ከእማማ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ዘንባባ በጣታቸው አስረው አንድ ደግሞ ለኔ አሰሩልኝ። ተሰማ ጠርሙሶቹን በካሮሳ ጭኖ ሲኞር ቤርቲኒ ቤት ሄደ። እኔስ ስለው «ምን ትሠሪያለሽ፣ ሴቶቹ ሁሉ ፈረንጅ ናቸው፤ ይደብርሻል» አለኝ። የሠራሁት እኔ፣ የሚደብረኝ እኔ!

ከሰዓት በኋላ እየዘፈነ መጣ። ጢሙ ላይ ክሬም አለ። ክሬም! ነገ ሕማማት ይገባል፤ እሱ ከፈረንጅ ጋር እንቁላልና ወተት ሲጠጣ ውሏል። እናቱ ፊት የሽሮ ሰሃን እያገላበጠ «ጾም ነፍስን ያለመልማል» የሚለው ሰውዬ! እማማ ከጓዳ ብቅ ሲሉ በእጅጌው ጥርግ አደረገው። አልተናገርኩበትም። ለምን እንዳልተናገርኩ እንጃ።

እንዴት ነበር አልኩት። መጀመሪያ የሲኞር ሚስት ቀመሰችና ብርጭቆዋን ገፋች አለኝ። «ጭስ ጭስ ይላል» አለች። አሃ! የዳሲቱ ጮጮ በወይራ የታጠነ ነዋ። እኔም ዙለይኻም በታጠነ ወተት ያደግን ነን፤ አፍንጫችን ከየት አባቱ ይለየው? የቆርቆሮ ክሬም ቢሆን ኖሮ!

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሲኞር ቤርቲኒ ሦስት ብርጭቆ ጠጣ! 'ይህን ጭስ እንዴት አስገባችሁበት፣ ጣልያን አገርም የለም' አለኝ። እኔም፣ የቤታችን ምሥጢር ነው፣ እኔ ነኝ ያሰብኩት አልኩት።»

እሱ ነው ያሰበው። ክሬም መግዛቱን የረሳ ሰው፣ ጭሱን እሱ አሰበው።

ቢሆንም ጠጡት። ጠጥተውታል። ቤቱ ይምጣ እንጂ አሳቢው እሱ ይሁን።

ሚያዝያ 13፣ ረቡዕ

ተሾመ። የፈትል ክፍል ሹም ሆነ።

«ቤቱስ?»

«ለኔ ተዪው አላልኩሽም? እማማ ገና እሺ አላለችም።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሰሞነ ሕማማት ነው፣ ስግደት ላይ ነን። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ልጽፈው አፍራለሁ፤ ግን ካልጻፍኩት ያንቀኛል። ዛሬ ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ኪራላይሶን እያልኩ በልቤ እማማን ይወስድልኝ ዘንድ ስለምን ነበር። ጎኔ ነበሩ። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ትከሻዬን ይዘው ነው የሚነሡት። እኔ ደግሞ ክንዴን ሰጥቼ አነሣቸዋለሁ፣ በሆዴ እገድላቸዋለሁ። ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ?

ሚያዝያ 17፣ ፋሲካ

«ዶሮው ጣፍጧል» አሉኝ እማማ። ሰሃናቸውን አንሥቼ ወጣሁ።

ሚያዝያ 20፣ ረቡዕ

ዛሬ የመጋዘን ጸሐፊው የአጥናፉ ሚስት ፈለቀች መጣች። ብዙም አንተዋወቅም። ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ሳልጠይቃት ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ እቴ አቻምየለሽ! እንደናንተ ያለ ሰው የት ይገኛል?»

«ምን አድርገን?»

«ቤቱን ነዋ! የሹሙን ቤት ለኛ ስለለቀቃችሁልን። አራት ልጅ ይዤ በአንድ ክፍል ስሰቃይ... አቶ ተሰማ ገና በሆሳዕና፣ ሹመቱ እንኳ ሳይነገረው፣ 'እኔ ቤት አያስፈልገኝም፣ እናቴ ከሄድክ እሞታለሁ ብላኛለች' ብሎ ለሲኞሩ ነገረው። ትናንት ገባን። ማድ ቤቱ ብቻ፣ ቧንቧው ብቻ!»

ዳቦውን ተቀበልኳት። ምን አልኳት? «ይመችሽ» ያልኳት ይመስለኛል። መጋረጃው ስንት ክንድ እንደሚፈጅ አማከረችኝ። እኔ በመስታወት አጮልቄ የለካሁትን መስኮት!

በሆሳዕና። ያን ቀን ነው፤ መጠጤን እየጠጣ ነው ቤቴን የሰጠው።

ማታ ሳፋጥጠው «ምን ላድርግ፣ እማማ ናት እኮ። አልቅሳ ለመነችኝ። እሷ ባትኖር ዛሬውኑ...» አለ። እጁን ዘረጋ፣ አንጀቴን ሊበላኝ ሞከረ። ከዚያ ምን እንዳለ ልጻፍ? «የፊታችን እሑድ ሲኞር ቤርቲኒና ጓደኞቼ ሹመቴን ሊያከብሩ እዚህ ይመጣሉ። ያን መጠጥ ሥሪ፤ ጭሱን እንዳትረሺ።»

እማማ ጓዳ ውስጥ ስንዴ ይለቅማሉ። በፊታቸው አለፍኩ። ደኅና እደሩ አላልኩም። ያቺ ሴትዮ አንድ ዕንባ አፍስሳ ስምንት ዓመቴን ወሰደችብኝ።

ሚያዝያ 23፣ ቅዳሜ

እንቁላል እመታለሁ። ለምን እንደምመታ አላውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ለእማማ አንድ ቃል አልተናገርኳቸውም። ዛሬ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፣ «ላግዝሽ?» አሉ። ሹካውን አልሰጠኋቸውም። ቆይተው ተነሥተው ሄዱ።

ጾሙ ስላለቀ አንድ ማንኪያ ቀመስኩ። ጭስ ይላል፣ እውነት ነው። ይጣፍጣል። ይህም አናደደኝ።

ሚያዝያ 24፣ ዳግማይ ትንሣኤ

ቤቱ ሰው ሞላ። ሲኞር ቤርቲኒ ከነሚስቱ መጣ፤ ከቀላው ፊቱ በስተቀር ደግ ሰው ይመስላል። አማርኛው የተሰባበረ ቢሆንም ይገባል። ሚስቱ በዚህ ጊዜ ብርጭቆዋን አልገፋችም፤ ሁለት ጠጣች። ተሰማ አዲስ ከረባት አስሮ መሐል ቆሞ «ጭሱን የት እንዳገኘሁት ታውቃላችሁ?» እያለ ያወራል። እኔ ሰሃን አነሣለሁ።

ሲኞር ቤርቲኒ ብርጭቆውን አነሣና ወደኔ ዞረ። «ማዳም፣ አንቺ ጎበዝ። ግን ለምን የኛን ቤት አልፈለግሽም? ጥሩ ቤት ነበር።»

ተሰማ ፈጥኖ «እናቴ ናት እንጂ፣ እኔማ፣ ጥለኸኝ ከሄድክ እሞታለሁ ብላ...» ሲል ዝግ ያለች ድምፅ ከጥጉ መጣች።

«እኔ አላልኩም።»

እማማ ናቸው። ፈረንጅ ባለበት አፋቸውን ከፍተው የማያውቁት እማማ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ የወንበሩን ክንድ ይዘው ነው የተነሡት።

«እኔ አላልኩም ተሰማ። ሂድ፣ ጎጆህን አውጣ፣ እኔ አልጋዬ ላይ መሞት አያቅተኝም ብዬ በጥምቀት ነግሬሃለሁ። ከዚያ በፊትም ነግሬሃለሁ። ምራትሽ ካንቺ መለየት አትፈልግም ያልከኝ አንተ ነህ።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ማንኪያ ጣለ። ሲኞር ቤርቲኒ አንዳንዱ ቃል ስላልገባው ሚስቱን ያያል። ተሰማ ከረባቱን ላላ አደረገ። «እማማ፣ እንግዳ ፊት...» አለ።

«እንግዳ ፊት ነው የዋሸህብኝ» አሉና ተቀመጡ።

ሰሃኑን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ወጡ የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ፈሰሰ፤ ማንም ልብ አላለውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? አህያው ከአጠገቤ ሲተኛ ስምንት ዓመት ዳውላውን ስደበድብ ከረምኩ።

ሚያዝያ 25፣ ሰኞ

ዛሬ ተሰማ ከሥራ ሲገባ እማማ መሐል ቤት ቁጭ ብለው ጠበቁት። እኔንም ጠሩኝ።

«ይህ ቤት አባትህ የባቡር ጣቢያ ሲያገለግል የሠራው ነው፤ በስሜ ነው ያለው» አሉት። «እስከ ሰኔ ሚካኤል ቤት ፈልግና ሚስትህን ይዘህ ውጣ። ከዚያ በኋላ ብትመጣ እንግዳ ነህ።»

«እማማ ታባርሪኛለሽ?»

«አዎ።»

ተሰማ ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። ከዚያ ተቆጣ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «አንቺ ነሽ የመከርሻት» አለ። ከዚያ ማን ሽሮ ይሠራልሻል፣ ማን ውሃ ይቀዳልሻል ብሎ ሊያለቅስ ቃጣው። እናቱ አንዱንም አልመለሱለትም። ሲሰለቸው ወደ መኝታ ቤት ገባ።

እኔና እሳቸው ብቻችንን ቀረን። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ምን እንደሚሰማኝ አላውቅም ነበር፤ አፌ ቀደመኝ።

«ስምንት ዓመት እማማ! እንድንወጣ ከፈለጉ ስምንት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉኝ? እኔ እኮ... ሰግጄ እኮ...» ቀሪውን ዋጥኩት።

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አዩኝ። ቁጡ አልነበሩም። ደክመው ነበር።

«አማት ምራቷን ውጪ ትላለች? ክፉ ያሰኛል። ድስቱን ስሰጥሽ፣ ጎጆ ስልሽ ይገባሻል ብዬ ነው። እሱ ደግሞ አትፈልግም አለኝ፤ አመንኩት፤ ልጄ ነዋ» አሉ። ደግሞ «አንቺስ አንድ ቀን መች ጠየቅሽኝ?» አሉኝ።

ለእሳቸው ያጠራቀምኩት ንዴት ሁሉ ደረቴ ላይ ተቀምጧል፤ የማንም አልሆነም። ጎናቸው መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ።

ተሰማ ከመኝታ ቤት ብቅ አለ። «ራት የለም እንዴ?» አለ።

አልተነሣሁም። እማማም አልተነሡም።